ጥሩ ምሳ የት አለ?

ቶሌዶ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥበቃ ሆኜ ስሠራ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደረጃው ላይ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተወለወለ ነው፤ ከኪሳቸው ደረቅ ብስኩት እያወጡ ይበላሉ። ባለጉዳዮች ለምሳ ሲወጡ “እዚህ አካባቢ ጥሩ ምግብ የት አለ?” ብለው ከጠየቁኝ ሽማግሌው ቀድመውኝ ይመልሳሉ።

“ወንዙ ዳር፣ ቬርና ቤት። የዶሮ ሾርባዋን እዘዙ፤ እኔ እንደላክኋችሁ ንገሯት።”

ቬርና ሚስታቸው ነበረች። ምግብ ቤቷ እሷ ውስጡ እያለች ከተቃጠለ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ እንግዶቹን ቀስ ብዬ እከተልና ሌላ ምግብ ቤት አሳያቸዋለሁ።

አንድ ቀን ግን ሥራ ይዞኝ አንዲት ሴት አመለጠችኝ። ተናዳ ተመለሰች።

“አባባ፣ ምን በደልኩዎት? እዚያ እኮ ባዶ ሜዳ ነው ያለው።”

ሽማግሌው አልደነገጡም። ፊቷን ትክ ብለው እያዩ ጠየቋት፤

“እዚያ የቆመች ሴትስ አላየሽም፣ ልጄ?”