በበርሜል የወረደ ጠበል

በንጉሡ ዘመን ንፋስ መውጫ ላይ ሻወር ያለው ቤት ብርቅ ነበር። አባቴ ከመንገድ ሠራተኞች ጋር ሲውል ሙያውን ለቃቅሞ ኖሮ፣ ጓሮ ውስጥ እንጨት አቁሞ በርሜል ሰቀለ፤ ከበርሜሉ ቱቦ አወረደ፤ ከቱቦው ጫፍ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ክብ ቆርቆሮ ገጠመ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰውየው ዝናብ ሊያዘንም ነው እያለ አላገጠ። የአገራችንን ብርድ ስለማውቀው እኔም አብሬ አላገጥኩ።

እናቴ ስትታመም ግን ቀልዱ ቀረ። ጠበል መሄድ ተመኘች፤ በቅሎ ላይ መቀመጥ እንኳ አቃታት። አባቴ ጠበሉን በአህያ አስጭኖ አመጣና በርሜሉን ሞላው። ከላይ ካልወረደብኝ አያሽረኝም ትል ስለነበር ደስ አላት። ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን እምነት፣ ያንን የተባረከ አመድ፣ ውሃው ውስጥ እንዲበጠብጥላት ለመነችው፤ በጠበጠላት። በማሰሮ ቢሆን ማንም የሚያደርገው ነው። ውሃው በቱቦ እንደሚወርድ ሁለቱም ረሱት።

አንድ ጧት ነጠላዋን አገልድማ ከሥሩ ቆማ "እግዚኦ" እያለች ሳለ ውሃው ቀጠነ፤ ተንጠባጠበ፤ ቆመ። ቆይታ ቆይታ ወደ ቤት ገባችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

አባቴ በርሜሉን አንኳኳ፤ ውሃው አላለቀም። የቱቦውን መክፈቻ አዟዟረ፤ ደኅና ነው። ክቡን ቆርቆሮ ሲፈታው ግን ውሃው ከቱቦው ተዘርግፎ እጅጌውን አራሰው። አመዱ ጭቃ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። አንድ በአንድ በወስፌ ወጋቸው፤ አጥቦ መልሶ ገጠመው። ሲወርድ ቤት ውስጥ ሆነን ሰማነው።

ሮጦ ገብቶ የዘጋው አመዱ መሆኑን፣ ሌላ ምክንያት እንደሌለው አስረዳት። እጁ ላይ የቀረውን ጭቃ አሳያት።

"ላንቱማ ወረደ፤ እኔን ግን እምቢ ብሎኛል" አለችው።

ለመናት፤ ማለላት፤ የንስሐ አባቷን ጠራላት። እሳቸው ሲመክሯት እሺ አባቴ ትላለች እንጂ ከመደቡ አልተነሣችም። ተናደድኩ፤ በእሷም፣ በአመዱም፣ ከሁሉ ይልቅ በዚያ ቆርቆሮ። ዛሬም አልወጣልኝም። የበርሜሉ ውሃ እንዳለ ሞተች።

ሬሳዋን ሊያጥቡ የመጡት ሴቶች ውሃ ጠየቁ። አባቴ ገንቦውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ከቆርቆሮው ሥር ደቅኖ መክፈቻውን አዞረው። ገንቦው እስኪሞላ ድረስ ውሃው አንዴም ሳይቆራረጥ ወረደ።