ስልኬን አላጠፋም ያልሁበት ቀን

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ዛሬ ምሳም አይወርድልኝ! መጋቢያችን «አሳጥረው» ብለውኛል፤ እሞክራለሁ። አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ እኔን የማያውቅ የለም፤ የበሬ ነጋዴው ጎሹ ማለት እኔ ነኝ። ዛሬ የምመሰክረው ግን ስለ በሬ አይደለም፣ ስለ አውሮፕላን ነው። ሃሌ ሉያ!

ከማመኔ በፊት ጌታዬ አፌ ነበር። ዳኛ ቢያዘኝ፣ ሽማግሌ ቢመክረኝ፣ «እኔን? እኔን ጎሹን?» ነበር መልሴ። ባለቤቴ ጥሩሰው ቀድማኝ አምና ስትጸልይ «ደግሞ ጀመረሽ!» እያልሁ አሾፍባት ነበር። እሷ ጸሎቷን ትቀጥላለች። ወገኖቼ፣ ያን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

እንግዲህ ጥሩሰው ታመመች። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ጋደም ማለት እንኳ አቃታት። ባሕር ዳር ያያት ሐኪም ለብቻዬ ጠራኝና፣ «ጋሼ፣ የልቧ በር ጠብቧል። አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገናው አርብ ከሰዓት አልጋ ተይዞላታል። ካልደረሰች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እስከሚቀጥለው ተራ ትቆያለች ብዬ ደግሞ አልዋሽዎትም» አለኝ። የመኪናውን እንግልት አትችለውም ስለተባለ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥሁ።

አርብ! የገበያችን ቀን! ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እንደተቀመጥን ገበያ ላለው ጓደኛዬ፣ ለሙሉ፣ ደወልሁ። «ስፒከር ላይ አድርገው፣ ሰዉ ይስማ!» አልሁት። «ጎሹ ነኝ! አውሮፕላን ውስጥ ነኝ!» ስል የበሬ ተራው ሁሉ «እሰይ ጎሹ!» አለ። ደረቴ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ሚስቴ አጠገቤ ትንፋሽ እያጠራት ነው፤ እኔ እፎክራለሁ!

አስተናጋጇ መጣች፤ የልጄ እኩያ ናት። «ጋሼ፣ ልንነሳ ነው፣ ስልክዎን ያጥፉልን» አለችኝ። «እሺ» ብዬ ዞር አልሁና ወሬዬን ቀጠልሁ። ተመልሳ መጣች፤ «ጋሼ፣ እባክዎን።» ጥሩሰው ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ምን ተዳዬ! አውሮፕላኑ መንከባለል ሲጀምር ስልኩን መስኮቱ ላይ ለጠፍሁና «ሞተሩን ስሙት!» ብዬ ጮህሁ። ልጅቱ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ፣ አቤት የአፌ ክፋት፣ «አንቺ ማን ነሽና ታዢኛለሽ? ሂጂ ወዲያ!» አልኋት።

አውሮፕላኑ ቆመ። ከዚያ ዞረና ወደተነሳንበት ተመለሰ። በሩ ተከፈተ፣ ሁለት ጥበቃዎች ገቡ። «ይውረዱ» አሉኝ።

«ባለቤቴስ?»

«እሳቸው መሄድ ይችላሉ።»

ለቀዶ ጥገናው ፈራሚዋም አስታማሚዋም እኔ ነኝ፤ አዲስ አበባ የሥጋ ዘመድ የላት። ጥሩሰው ቀና ብላ አየችኝና፣ በዚያ በተቆራረጠ ትንፋሿ፣ «ጎሹ፣ እኔ ጌታዬን ይዤ እሄዳለሁ። አንተ ማንን ይዘህ ትወርዳለህ?» አለችኝ።

ቅዱሳን፣ መልስ አጣሁ። እኔ ጎሹ መልስ አጣሁ!

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው እግር ላይ የሚወድቅ። አውሮፕላን ውስጥ ድንጋይ ከየት ይምጣ? የጥሩሰውን ሻንጣ አውርጄ አንገቴ ላይ ጫንሁና በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ልጅቱ እግር ላይ ተደፋሁ። «ልጄ፣ በድያለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ» አልሁ። ከኋላ አንድ የእስቴ ሰው፣ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፣ ተነስተው፣ «ልጄ፣ ተሸክሞ የወደቀ ሰው ባዶውን አይመለስም፤ ማሪው» አሉ። ሌላውም ተቀብሎ «ማሪው፣ ማሪው» አለ። ልጅቱ እንባዋ ግጥም ብሎ፣ «ይቅር ብያለሁ ጋሼ፤ ይነሱ። ሻንጣውንም ይመልሱ፣ መተላለፊያ ላይ ክልክል ነው» አለችኝ። ሳቁ፣ ሳቁ! ያን ቀን እኔም ስቄያለሁ። ከዋናው አብራሪ ጋር ተነጋግራ፣ ስልኬን አጥፍታ ተረከበችኝና እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ጌታ ይባረክ!

ሰማይ ላይ ሆነን፣ «ጥሩሰው፣ ጌታሽ እንደ እኔ ያለውንም ይቀበላል?» አልኋት።

«እኔን የተቀበለ አንተን ምን ይልሃል?» አለች።

ልንበረከክ ብዬ ቀበቶዬን ስነካ፣ «ተው! መብራቱ ገና አልጠፋም። እንደታሰርህም ይሰማሃል» አለችኝ። እንደታሰርሁ ልቤን ሰጠሁት። ሽማግሌ ያቃተውን፣ ዳኛ ያቃተውን አንገት እሱ ሰበረው። ክብር ለስሙ ይሁን!

በሰዓቱ ደረስን፣ አልጋዋን አገኘች። የቀዶ ጥገናዋ ቀን ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ ወጣና «ልቧ በራሱ እየመታ ነው» ሲለኝ፣ «ሃሌ ሉያ!» ብዬ ሆስፒታሉን አናጋሁት። ጥበቃው «ዝም ይበሉ» አለኝ። ወዲያው ዝም አልሁ። ጎሹን ለሚያውቅ ይኸም ተአምር ነው!

ዛሬም ኩሩ ነኝ፣ አልክድም። የምኮራው ግን በእሱ ነው፣ ሐኪሞቹን እጃቸውን በያዘልኝ በጌታዬ! በመሐላችን «እኔ ለማንም አንገቴን አልደፋም» የምትል ወንድም ካለህ፣ እመነኝ፣ እሱ ፊት ወድቆ የቀረ የለም። ና! እኔ ያን ቀን አንገቴን አቅንቼ ወርጄ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ የምቆመው ብቻዬን ነበር። ጥሩሰው፣ የት አለሽ? ተነሺ፣ ይዩሽ!