ሦስት እጅ የሚሏት አክስቴ

አክስቴን ሰፈሩም ሐይቁ ዳር ያለውም ሰው የሚጠራት «ሦስት እጅ» ብሎ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ስሙን ሲሰማ ሦስተኛዋን እጅ ከሽርጧ ስር በዓይኑ ይፈልጋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አክስቴ የምትጠግነው የእንጨት ዓሣ ነው፤ አጥማጆች ትልቁን ዓሣ ለማታለል መንጠቆ አንጠልጥለውባት ከጀልባ ኋላ የሚጎትቷት፣ ጣት የምታህል ባለቀለም ማባበያ። ድንጋይ ሲፍቃት፣ ጥርስ ሲቦጭቃት ቀለሟ ይነሳል። ከዚያ ውሃ እንጨቱ ውስጥ ይገባና አብጣ ትሰነጠቃለች። አክስቴ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ ቀለሟን ትመልስላትና ከላይ ቫርኒሽ ትቀባታለች። አንድ እጅ፣ ሲደርቅ ሁለተኛ እጅ፣ ሲደርቅ ሦስተኛ እጅ። በሁለት እጅ ብቻ ከቤቷ የወጣ ዓሣ የለም።

«ሁለቱ ይበቃል እኮ» ስላት፣ «ላንቺ ይበቃሻል፤ አትነክሺውማ!» ትለኛለች።

ድሮ የሱቅ ታፔላ ትጽፍ ነበር። ታፔላ በማሽን መታተም ሲጀምር ሥራው ቀረ፤ እሷ ግን ብሩሿን ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች።

አንድ ጠዋት አጥማጆቹ ሁሉ የሚሰሙት ባለጀልባ መጣና እሷ የቀባቻቸውን ዘጠኝ የእንጨት ዓሣዎች ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈ። የአንዳንዶቹ ሆድ፣ የሌሎቹ ጎን ላይ ቫርኒሹ ቀልጦ እንደ ማር ይጣበቃል።

«እትዬ፣ አይክፋዎትና እጅዎ አርጅቷል» አላት።

ለእሷ ብቻ ቢነግራት ባልከፋ። እሱ ግን ጀልባው ላይ ቆሞ ለሁሉም አውርቶ ነበር የመጣው። በዚያ ሳምንት ለጥገና የመጣ አንድም ዓሣ የለም።

አክስቴ አላለቀሰችም። «እጄ ከሆነ ብሩሹን አስቀምጣለሁ» አለችኝ። «እጄ ካልሆነ ግን ማን እንደሆነ ሳላገኘው አልተኛም።»

ከዚያው ጣሳ ቫርኒሽ ቀድታ ሦስት ዓሣ ቀባች። ሲደርቁ አንዱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረችው። አንዱን ፀሐይ እንዲያገኘው ጣሪያ ላይ አሰጣችው። አንዱን በድንጋይ ፈተገችው። ቀናት አለፉ፤ ያ የተፈተገው ትንሽ ከመጫሩ በቀር ሁሉም እንደነበሩ ናቸው።

«እንግዲህ ምን ቀረኝ?» አለች፣ ወገቧን ይዛ።

እኔ የስምንት ወር ልጄን ይዤ በየቀኑ እሷ ዘንድ እውላለሁ። ያን ዕለት ልጄ ስትነጫነጭ የላስቲክ ዳክዬዋን ልሰጣት ፈለግሁ። ከሰሞኑ መስኮቱ ደፍ ላይ ረስተናት ፀሐይ ሲመታት ሰንብታለች። ብጎትታት እምቢ አለች። ጠበቅ አድርጌ ስስባት የመስኮቱን ሰማያዊ ቀለም ይዛው መጣች።

«ውይ አክስቴ! መስኮትሽን ገደልኩት!»

አክስቴ እኔን አልሰማችኝም። የተላጠውን ቦታ በጣቷ ነካች፤ ተጣበቀባት። ከዚያ ከባለጀልባው ዓሣዎች አንዱን ነካች፤ ያው ነው።

«ያ ሰውዬ ዓሣዎቹን ከምን ጋር ነው የሚያስቀምጣቸው?» አለችና ጫማዋን አጠለቀች።

እኔም ልጄን አዝዬ፣ ዳክዬዋን እንደያዝኩ ተከተልኳት። ባለጀልባው ገመድ ሲፈታ ደረስንበት።

«ሳጥንህን ክፈት» አለችው።

«ምነው እትዬ፣ ምን ጠፋ?»

«ስሜ።»

ከፈተው። ቀይና አረንጓዴ ለስላሳ የላስቲክ ትሎች ከእንጨት ዓሣዎቹ ጋር ተደባልቀው ተኝተዋል።

«አዲስ የመጣ ነው፤ ዓሣ ይሞትለታል» አለ፣ ኩራት ቢጤ ይዞት።

«ዓሣ ይሞትለታል፤ ቀለም ደግሞ ይሞትበታል። ይሄ ላስቲክ ሙቀት ሲያገኘው ዘይቱን እየተፋ የነካውን ቀለም ያቀልጠዋል።» ዳክዬዋን ከእጄ ነጥቃ ሰማያዊ ሆዷን አሳየችው። ቀጥላ ከሳጥኑ ጥግ፣ ትል ያልደረሰበት ቦታ፣ ሁለት ዓሣ አነሳች። እንደ መስታወት ያበራሉ። «እነዚህን የቀባው ማን ነው? ይኸው ያረጀው እጅ አይደለም?»

ባለጀልባው አንገቱን አከከ። «ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?»

«ትሉን ለብቻው ማድረግ ነዋ!» አልኩት እኔ። «የልጄ የዱቄት ወተት ጣሳ ባዶውን ተቀምጧል፤ ክዳንም አለው። ነገ አመጣልሃለሁ።»

«ዘጠኙን እጠግናቸዋለሁ» አለች አክስቴ። «አንተ ግን ያወራኸውን፣ ባወራህበት ቦታ ቆመህ መልሰው።»

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ጀልባው ላይ ወጥቶ፣ ድምፁ እንዲርቅ እጆቹን አፉ ዙሪያ አድርጎ ተጣራ።

«ስሙኝማ! የሦስት እጅ እጅ አላረጀም! ያበላሸሁት እኔ ነኝ!»

ከየጀልባው ሳቅ ተነሳ። አንዱ «ድሮም አንተን ጠርጥረን ነበር!» አለው። ባለጀልባው ፊቱ ቀልቶ ሊወርድ እግሩን ሲያነሳ አክስቴ እጆቿን አጣምራ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«የት ትሄዳለህ?» አለችው። «ይሄ እኮ አንድ እጅ ነው። ሁለት ይቀርሃል።»