ለሁሉም የተላከ ይቅርታ

ማክሰኞ፣ ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእህቴ ልጅ ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር ካለው ቤቷ ሆና በስልኳ ውስጥ ላሉት ሰዎች በሙሉ ይቅርታ አደረገች። ከነዚህ ሰዎች አንዷ ልጇን ስታዋልድ የጎዳችባት ዶክተር ነበረች። በዚያች ዶክተር ላይ የካሳ አቤቱታ አስገብታ ቀጠሮ እየጠበቀች ነበር።

ይቅርታውን ያደረገችው በድምፅ መልዕክት ነው። በእኛ በወሎዎች ዘንድ ረመዳን ሲቃረብ «አውፍ በሉኝ» መባባል ልማድ ነው። ያስቀየመ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የተቀየመ ይቅር ይላል፣ ጾሙ በንጹሕ ልብ ይያዛል። ድሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር፤ አሁን ስልክ አለ። የእህቴ ልጅ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በዐረብኛ ቀዳች። የዐረብኛውን ለቀድሞ ማዳሞቿ፣ ለቤት አከራዩ፣ ጋዝ ለሚያመጣው ሰውዬና ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለማታውቀው አንድ ቁጥር ጭምር ላከች። «ያስቀየምኳችሁ አውፍ በሉኝ፤ እኔም የበደለኝን ሁሉ ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ» ይላል።

መልስ አለመስጠት ነውር ነው፤ የሚመልስም የራሱን በደል ጨምሮ ነው የሚመልሰው። አንዷ ማዳም ጠፋ ተብሎ የእህቴ ልጅ የተጠረጠረችበት የብር ማንኪያ ከሶፋ ሥር መገኘቱን ያን ዕለት ነገረቻት። አከራዩ «አላህ ይቀበልሽ» ካለ በኋላ በሳምንቱ ውኃ ዘጋ። የዶክተሯ ቁጥር ስልኩ ውስጥ የቀረው ከእርግዝና ክትትሉ ጊዜ ጀምሮ ነው። ማንም አላጠፋውም።

ልጁ የተወለደው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጅዳ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ነው። ጭንቅላቱ ወጣና ትከሻው ተያዘ። እንዲህ ሲያጋጥም ሐኪም ምን ማድረግ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ሰው ይጠራል፣ የእናትየዋ ጉልበት ወደ ሆዷ ይታጠፋል፣ ጭንቅላቱ በኃይል አይጎተትም። ልጁ ሲወጣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። በኋላ ያየው ሌላ ሐኪም ከአንገቱ ወደ እጁ የሚወርዱት ነርቮች መጎዳታቸውን ጻፈ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እጁን የሚያሠለጥን ባለሙያ በየጊዜው ካየው ሊያነሳው ይችላል፤ ከዘገየ ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል። አባቱ ፔትሮሚን በሚባለው የጋራዦች ሰፈር መኪና ቀለም ይቀባል። ሕክምናውን በእሱ ደመወዝ ማሰብ አይቻልም ነበር። ካሳው ከተገኘ እጁ ይታከማል፣ ካልተገኘ እንዳለ ይቀራል።

ክሊኒኩ ለአቤቱታው በሰጠው መልስ ጥፋቱን ወደ ልጁ ውፍረት፣ ውፍረቱን ደግሞ ወደ እናቱ አመጋገብ አዞረ። ይህን መካ የሚኖሩት አክስቴ ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡ። በእርግዝናው ወራት ቴምርና ማር በመኪና ሲልኩ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«እኔን ነው የከሰሱት ማለት ነው?» አሉ በስልክ።

እኔ በሙያዬ ጋዜጠኛ ነኝ። የሥጋ ዘመድ ጉዳይ ስለሆነ መዘገብ አልችልም፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ሆንኩ። የእህቴ ልጅ የወጥ ቤት ዐረብኛ ከእኔ ይበልጥ ትችላለች፤ የችሎት ዐረብኛ ግን ሌላ ነው።

የሕክምና ስህተት የሚያየው ጉባኤ ከኢድ በኋላ ተቀመጠ። በመሀል ዳኛ፣ ግራና ቀኝ ሐኪሞች ናቸው። የክሊኒኩ ጠበቃ ኮቱ እንከን የማይወጣለት ሰው ነበር። ስለ ውፍረትም ስለ ቴምርም አላነሳም። ስልኩን ከፍ አድርጎ መልዕክቱን አሰማ፤ ዶክተሯ የላከችለት ቅጂ ነው።

የእህቴ ልጅ የራሷን ድምፅ እያዳመጠች ራሷን ነቀነቀች። «የኔ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«በአንደበቷ ይቅር ብላለች፤ መብቷን ትታለች» አለ ጠበቃው። «ኸላስ፣ አለቀ፤ ክስ የለም።»

ዳኛው ቅጂ አልቀበልም አለ። መልዕክቱ መጀመሪያ የደረሰበት ስልክ ከነባለቤቱ እንዲቀርብ አዝዞ ቀጠሮ ሰጠ።

ዓርብ ዕለት ልጁን ይዘን መካ ወጣን። አክስቴ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ናቸው፤ ለዑምራ እንግዶች ክፍል ያከራያሉ። አማርኛቸው ከወላጆቻቸው የወረሱት ነው፤ ቁጣቸው ግን በዐረብኛ ይወጣል።

«አውፍ ማለትሽ ደግ ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሏት። «ጠበቃውንም ጨምረሽ ነው?»

«የሱ ቁጥር የለኝም፣ አክስቴ።»

«አልሐምዱሊላህ። ቢኖርሽ ቤትሽንም ትሰጪው ነበር።»

እኔ መፍትሔ ያልኩትን አቀረብኩ። «ሌላ መልዕክት ላኪ። ከዶክተሯ በስተቀር በይ።»

«አጎቴ፣ ረመዳንን ሙሉ ጾሜበታለሁ እኮ።»

«እና?»

«እናማ ጾሙን ምን ላድርገው?»

አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁብኝ። «ይሄ ሰሃፊ የጋዜጣ እርማት መስሎታል» አሉ።

ከዚያ በፊት መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ ጠየቅኩ። «ዶክተሯ ያን ቀን መልሳልሻለች?»

«መልሳልኛለች።»

«ምን አለች?»

«አውፍ ሲጠየቅ የተባለ ነገር አይወራም።»

ሰው ማናገር እንጀራዬ ነው። ከፊት ሞከርኩ፣ ከጎን ሞከርኩ፣ የማውቀው መስዬም ሞከርኩ። ደግ ነገር ነው ክፉ? አጭር ነው ረጅም? የእህቴ ልጅ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሻይ ቀዳችልኝ። ወደ አክስቴ ዞር ብል እሳቸውም ከእሷ ጋር ናቸው። «ያንን ብታወራው እኔው ራሴ ከቤቴ አስወጣት ነበር» አሉ።

«የልጅሽ እጅስ?» አልኳት በመጨረሻ።

ልጁ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ከሳህኑ ቴምር እያነሳ የአክስቴ ጫማ ውስጥ ይከታል። እናቱ ጥቂት አየችው።

«የሱን እጅ አውፍ አላልኩም» አለች። «የሱ የሱ ነው። እኔ ያልኩት የኔን ነው።»

«ታዲያ ለዳኛው እንደሱ አትይም?» አሉ አክስቴ።

«አልጠየቀኝማ።»

በሁለተኛው ቀጠሮ ዶክተሯ ስልኳን ይዛ መጣች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድካም የሚታይባት ሴት ናት። ለእህቴ ልጅ ሰላምታ ሰጠቻት፤ የእህቴ ልጅም ስለ ጤናዋ ጠየቀቻት። ጠበቃው ይህንንም ለዳኛው በእጁ አመለከተ።

ስልኩ ዳኛው ፊት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ጠበቃው ራሱ ነክቶ አስጀመረው። ጠቅላላው ይቅርታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሰማ። ከዚያ ጠበቃው ኮቱን አስተካክሎ ስለ ይቅር ባይነት ታላቅነት ንግግር ጀመረ።

እንዲህ ያለው ስልክ አንድ የድምፅ መልዕክት ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ ያስቀጥላል። ቀጣዩ የዶክተሯ ነበር።

«እኔንም አውፍ በይኝ፣ እህቴ» አለ ስልኩ። «ትከሻው ሲያዝ ኃላፊዬን መጥራት ነበረብኝ። ቸኮልኩና ጎተትኩት። ልጅሽን ሳስበው እንቅልፍ የለኝም።»

ጠበቃው «ይቅር ባይነት የአማኞች» ላይ ነበር የቆመው። ስልኩ ከዶክተሯ ክንድ የሚርቅ አልነበረም። እጇን አልዘረጋችም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

«እኔ ለማንም አልተናገርኩም» አለቻት የእህቴ ልጅ፣ ደንግጣ።

«አውቃለሁ» አለች ዶክተሯ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይሄኛው የግል መልዕክት ነው» አለ ጠበቃው።

«ስልኩን ያስጀመርከው አንተ ነህ» አለ ዳኛው። ከዚያ ወደ እህቴ ልጅ ዞረ። «ይቅር ያልሽው የማንን ነው?»

ተረጎምኩላት፤ ሳያስፈልጋት።

«የኔን» አለች። «ያመመኝን፣ ያለቀስኩትን።»

«ልጁስ ይቅር ብሏል?»

«እሱ ገና ስልክ የለውም።»

ይህንን ለትክክለኛነቱ ተጠንቅቄ ቃል በቃል ተረጎምኩት። በግራ በኩል ከተቀመጡት ሐኪሞች አንዱ ሳል ያዘው፤ ሳሉ ቶሎ አልለቀቀውም።

ውሳኔው በጽሑፍ ወጣ። የዶክተሯ ጥፋት ተረጋግጧል፤ እናት የልጇን መብት መተው አትችልም፤ ካሳው ለልጁ ከሐኪሞች የመድን ዋስትና ይከፈል ይላል። እናትየዋ ለራሷ ሥቃይ የጠየቀችው ካሳ ግን በገዛ ድምፅዋ ስለተወችው ውድቅ ሆኗል።

ይህንን አንቀጽ ለአክስቴ በስልክ አነበብኩላቸው።

«ዳኛው ዐረብኛ ያውቃል» አሉ። «አውፍ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶታል።»

ክሊኒኩ ይግባኝ አላለም። ልጁ ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት፤ ቀኝ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ ያነሳል፣ ከዚያ በላይ ገና ነው። በሁለቱም እጁ ቴምር ጫማ ውስጥ መክተት ይችላል፤ ይህንን አክስቴ አረጋግጠውልኛል።

በተከታዩ ሻዕባን መጨረሻ የእህቴ ልጅ የዐረብኛውን መልዕክት እንደገና ቀዳች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ከመላኳ በፊት ስሞቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ፤ አከራዩ አለ፣ የጋዙ ሰውዬ አለ፣ ማንነቱ ያልታወቀው ቁጥርም አለ።

የዶክተሯም አለ። መልዕክቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተላከ። ከመግሪብ ሶላት በፊት ከዶክተሯ ስም ሥር ያሉት ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል፤ አዳምጣዋለች።