የአባቴ አውሬና የእናቴ ጉርሻ

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ሄጄ ከባሕር ዳር ስመለስ፣ ሐሙሲት ላይ አንዲት ሴት በፌስታል የቋጠረችውን ዓሣ ይዛ ሚኒባሱ ውስጥ ገባችና ከጎኔ ተቀመጠች። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ አጉረመረመ፣ ከኋላ ያሉት መስኮት ይከፈት ብለው ጮሁ፣ እኔ ግን ማንም ሳያየኝ ወደ ፌስታሉ ጠጋ ብዬ ሽታውን ደህና አድርጌ ሳብኩት። አባቴ ዓሣ ዓሣ ሸቶ አያውቅም፤ የሚሸተው ጎማ ነበር። ቤታችን ውስጥ ግን ስለ ባሕር ሳይወራ የዋለ ቀን ስላልነበረ፣ ዓሣ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበር። መንግሥት ተለውጦ የባሕር ኃይሉ ሲበተን ወደ ተወለደበት ደብረ ታቦር ተመለሰና ከመናኸሪያው ጀርባ ጎማ መጠገኛ ከፈተ። ከጉና የሚወርደው ብርድ በጋቢ ላይ ጋቢ በሚያስደርብበት አገር ሰው ስለ ሞቃት ባሕር ሲወራለት ደስ ይለዋልና፣ ስለ መርከቡና ስለ ጨዋማው ንፋስ ሲያወራ ደንበኞቹ ጎማቸው ተጠግኖ ካለቀ በኋላ እንኳ አይነሱም ነበር። ጨዋታው አውሬው ዘንድ ሲደርስ ግን እርስ በርስ መጠቃቀስ ይጀምራሉ። መጽሐፍ ስኩዊድ ይለዋል፤ አባቴ ግን «ባለ አሥር ክንዱ» ነበር የሚለው። አጥንት የለውም፣ ክንዶቹ ሲዘረጉ የልጅ ቁመት ያህላል፣ ቀን ጥልቁ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ወደ ላይ ወጥቶ ትንንሽ ዓሣ ያድናል። ዓሣ ሲጠፋ የራሱን ወገን ይበላል፤ አንዱ በመንጠቆ ሲያዝ ሌሎቹ የሚመጡት ሊያስጥሉት ሳይሆን ሊቦጭቁት ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ አባቴ አጎንብሶ የተጠገነውን ጎማ እንደገና መፈተሽ ይጀምር ነበር፤ ምን ትዝ እንደሚለው ጠይቄው አላውቅም።

አውሬው እንዴት እንደሚያድን የሚያሳየን በአሮጌ ከመነዳሪ ነበር። ከጎማ ውስጥ የወጣውን ላስቲክ ስስ አድርጎ ይቆርጥና ጫፉን ማስቲሽ ቀብቶ፣ ስምንቱ ክንዶች ለመያዣ፣ ሁለቱ ረጃጅሞቹ ግን ለመወርወሪያ እንደሆኑ እየነገረን ወደ ጠረጴዛው ሲወረውረውና መልሶ ሲስበው፣ አንዲት የቆሎ ፍሬ ተጣብቃበት ትመጣለች። እኔና የሰፈሩ ልጆች እንጮሃለን፤ ቀጥሎም ከጅብ ይበረታ እንደሆነ እንጠይቃለን፣ በእኛ አገር ከጅብ ጋር ያልተመዘነ አውሬ አውሬ አይባልምና። አፉ የጭላት ምንቃር ይመስላል ይለናል። ነገር ግን የምግብ መውረጃው በአንጎሉ መሃል ስለሚያልፍ ትልቅ ነገር ቢውጥ አንጎሉን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ያን ያህል አዳኝ ሆኖ ሳለ የሚበላው እየቆረሰ በትንሽ በትንሹ ነው። ኋላ በስልኬ ፈልጌ እንዳየሁት ይህም እውነት ነው።

እናቴ ጨርሶ ያላመነችው ይህችን ነገር ነበር። እሷ በሰፈሩ በትልቅ ጉርሻዋ የታወቀች ሴት ናት፤ ፍቅሯን በጉርሻዋ መጠን የምትገልጽ፣ ያጎረሰችው እንግዳ ዓይኑ እንባ ሞልቶ መናገር ሲያቅተው ደስ የሚላት። አባቴ «ኧረ ቀንሺው፣ አንጎሌን ልትነኪው ነው» ሲላት፣ «አንጎል በጉሮሮ! ውሸት እንኳ ልክ አለው» ትለዋለች።

አንድ ቀን ማኅበር እኛ ቤት ደርሶ ጨዋታው ሲደራ፣ የንስሐ አባታችን አውሬው ክንፍና ቅርፊት እንዳለው አባቴን በቁም ነገር ጠየቁት። ክንፍ እንጂ ቅርፊት የለውም አላቸው። «እንግዲያውስ አይበላም» ብለው ፈረዱ፤ ማኅበርተኛውም፣ ያ አውሬ ለፊታችን ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ይመስል፣ ራሱን እየነቀነቀ ተስማማና በሳቅ ፈረሰ። አባቴም አብሯቸው ሳቀና ወደ እናቴ ዞረ። ሌላው ቢስቅበት ግድ አልነበረውም፤ እንድታምነው የሚፈልገው እሷ ነበረች፤ ከዚያ ሁሉ የባሕር ዕድሜው ወሬ እንጂ ሌላ ያተረፈው ነገር አልነበረውማ። እሷ ግን ወጡን እያማሰለች «ይሄን ሰው የምጽዋ ፀሐይ መትቶታል» አለች።

ዓመታት አልፈው አባቴ ጉሮሮውን ታመመ። መጀመሪያ እንጀራው፣ ከዚያ ፍትፍቱም አልወርድ አለው። ከሆስፒታል ይዘነው የተመለስን ዕለት እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንደ ልማዷ ትልቁን ጉርሻ ጠቀለለችና አፉ ዘንድ ስታደርሰው እጇ ቆመ። መልሳ ሳህኑ ላይ አፈረሰችው። ከዚያ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቆንጥራ «እንካ፤ እንደዚያ እንደ አውሬህ ቀስ እያልክ» አለችው።

አባቴ ዓይኑን ገልጦ አያት። «አመንሽ?» አላት።

«አንተ መቼ ዋሽተኸኝ ታውቃለህ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባቴ ያቺን ቁንጥር እንደምንም ዋጣትና ሳቀ። እስኪያርፍ ድረስ ያበላችው እንዲያ ነው።

ባለ ዓሣዋ ሴት ወረታ ላይ ወረደች፤ የዓሣው ሽታ ግን ልብሴ ላይ ቀርቶ ደብረ ታቦር ድረስ አብሮኝ ገባ። እናቴ በር ላይ ስማኝ ስታበቃ የአንገት ልብሴን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። እጄን ታጥቤ ስቀመጥ አጎረሰችኝ፤ የባቄላ ፍሬ የምታህል። ከአባቴ ወዲህ ለማንም ከዚያች የበለጠ አጉርሳ አታውቅም፤ ጎረቤቱ እርጅና እጇን ያደከመው ይመስለዋል። ሳላኝካት ወረደች። ያ አፌን ሞልቶ እንባ የሚያስመጣብኝ የልጅነቴ ጉርሻ እንዴት እንደናፈቀኝ! «እማዬ፣ ተለቅ አርጊልኝ» አልኳት።

«እሺ ልጄ» አለችና ሌላ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠቀለለችልኝ።