መብራት ሲመጣ የምትጮኸው ደወል

የተያዝኩት ባዶ ጀሪካን ይዤ ስሮጥ ነው። ካፉሪ ሰፈር ከምሠራበት ቤት እረፍት ወጥቼ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለች ጓደኛዬ ዘንድ ነበርኩ። ካርቱም ሰልፍ የበዛባት ሰሞን ነው። ደወል ጮኸ፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ «ጃት! ጃት!» እያለ ወጣ። መብራት መጣ ማለት ነው፤ መብራት ካለ የውሃው ሞተር ይሠራል፤ የቀደመ ይቀዳል። ፖሊሶቹ ግን ሰልፍ መሰላቸው። ሌሎቹ የየቤታቸውን በር ስለሚያውቁ ገቡ። እኔ እንግዳዋ ሮጬ ሮጬ የገባሁት እነሱው መኪና ላይ ነው።

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ጠባብ ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤ ሽታዋን ተዉት። ጥግ ላይ ሽበታቸውን በነጭ ቶብ የሸፈኑ ሴትዮ ተቀምጠው አምፖሉን አንጋጠው ያያሉ።

«ይህን ሽቦ ማን ነው የዘረጋው?» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «እሱ ነበር መታሰር ያለበት።»

የደወሏ ባለቤት እሳቸው ነበሩ። የመብራት ምሰሶ ላይ የወጡ የመጀመሪያዋ ሴት መሐንዲስ ናቸው፤ ያኔ ሰፈሩ ሥራውን ትቶ ሊያያቸው ይሰበሰብ ነበር። ፈጠራቸውን አወሩልኝ። ታንከር ሲሞላ ሞተሩን የሚያጠፋ ነገር፤ ሻይ ለምትሸጥ ሴት ከባጃጅ ባትሪ የሚበራ ፋኖስ፤ ሌባ ሲነካው የሚያንዘረዝር የበር እጀታ።

«ሌባ ያዘ?»

«ባሌን ያዘ። ፈታኝ።»

ደወሏ የመጨረሻዋ ናት። ቀን ላይ መብራት መጥቶ ቢሄድ ማን ያያል? ስለዚህ ጣሪያቸው ላይ ሰቀሏት፤ መብራት ሲመለስ አንዴ ትጮህና ዝም ትላለች። መኮንኑ ግን የሰልፈኞች መጥሪያ ናት ብሎ ነቅሎ አምጥቷታል። እንዲያ ከተባለ እሳቸው ወደ ትልቁ እስር ቤት፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለኝ እኔ ደግሞ ወደ ድንበር ነን።

ቀትር ላይ ተጠራን።

«ሰው መጥሪያ ነው፤ እመኚ» አላቸው መኮንኑ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ግድግዳው ላይ ልሰካትና መብራት ሲመጣ ራስህ እያት።»

መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰኳት። ጠበቅን። መኮንኑ በካርቶን ራሱን ያራግባል። ዘቦቹ ስልካቸው ሞቶ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሐዘንተኛ ተደርድረዋል። እኔ የማውቀውን ሱራ ሁሉ ቀርቼ ጨረስኩና እንደገና ጀመርኩ።

ደወሏ ጮኸች።

«ካህረባ ጃት!» አለ ግቢው በሙሉ። ዘቦቹ ቻርጀር ፍለጋ እየተጋፉ ሮጡ፤ አንዱማ ባልዲ ይዟል። መኮንኑ ራሱ ማቀዝቀዣውን ሊያበራ ብድግ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ያ ጀናቡ፣ ሰልፈኞችህ ብዙ ናቸው» አሉት ሴትዮዋ።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ያላ፣ ሂዱ። ደወሏ ግን እዚሁ ትቀራለች፤ ማስረጃ ናት።»

«የምን ማስረጃ?»

ደወሏን ነቅሎ ወደ ራሱ አስጠጋት። ወዷታል፤ ያስታውቃል።

ሴትዮዋ ቶባቸውን ሰብስበው ተነሱ። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ክፍሏ ተመልሰው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። «ደወሌን ሳልይዝ አልሄድም። አንቺ ሂጂ ያ ቢንቲ።»

በሩ ክፍት ነው። እግሬ መሄድ ፈልጎ ነበር። ግን አፈርኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዘቡ ይዝጋ ይተወው ግራ ገብቶት ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። የአስር ሶላት ሳይሰገድ መኮንኑ ራሱ ደወሏን ታቅፎ አመጣት።

«የልጅቷስ ጀሪካን?» አሉት።

እሱንም አመጣ።

ዛሬ ኮምቦልቻ ነኝ። የሱዳኑ ጦርነት ሁላችንንም በተነን። እዚህም መብራት ይጠፋል፤ ሲመለስ ልጆቹ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። እኔ መጀመሪያ ፖሊስ አለ ወይ ብዬ መንገዱን አያለሁ፤ ከዚያ የሴትዮዋን ስልክ እሞክራለሁ። አይጠራም። ከካርቱም የመጡ ሰዎች ሰፈሩ መብራት ካየ ቆይቷል ይላሉ። በጣም ናፍቀውኛል። አንድ ቀን ካነሱት ሰላምታ አላስቀድምም፤ «ደወሏ ጮኸች?» ነው የምላቸው።