ሐዳሳና የዶርማችን ዊጆ

ሐዳሳ ተረፈ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በሆሳዕና ከተማ በሚገኝ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣለች፣ አልጋዋን ታነጥፋለች፣ እስከ ቁርስ ታጠናለች። ቀን ትማራለች፣ ማታ እንደገና ታጠናለች፣ መብራት ሲጠፋ ትተኛለች። ቅዳሜ ልብሷን ታጥባለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።

ይህን ብቻ የሰማ ሰው ዝምተኛ ልጅ ትመስለው ይሆናል። በዶርማችን ከእርሷ ቀድሞ ሣቅ የጀመረ፣ ከእርሷ በኋላ ጭፈራ ያቆመ ሰው ግን የለም። የሁላችንንም ጸጉር የምትሠራው እርሷ ናት፤ የማን ቀሚስ ለማን ልክ እንደሚሆን የምታውቀው እርሷ ናት፤ የመምህራኑን አካሄድ እየቀዳች የምታስቀንም እርሷው ናት። በትምህርት ደግሞ ሁለተኛ ናት። አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን አምና በመካከላችን የነበረው ልዩነት ከአንድ ነጥብ ያነሰ ስለ ነበር ተዝናንቼ አልተቀመጥሁም።

ዊጆን ወደ ዶርም ያመጣችው ሐዳሳ ናት። ዊጆ የሐዲያ እናቶች የቅቤ ማኅበር ነው፤ ሁሉም የድርሻቸውን ያዋጣሉ፣ ባለ ተራዋ የተጠራቀመውን በሙሉ ትወስዳለች። እኛም ክረምቱን ለማጠናከሪያ ትምህርት እዚያው ስለ ቆየን፣ ቤተሰብ ሊጠይቀን ሲመጣ የሚያመጣልንን ቅቤ በዳቦ መጨረሱን ትተን ክዳን ባለው ባልዲ ማጠራቀም ጀመርን። የመስቀሉ ተራ የሊሻን እንዲሆን የወሰነችውም ሐዳሳ ናት።

“እኔ ምንም ሳላዋጣ?” አለች ሊሻን።

“ትከሻሽን አዋጥተሻል፤ ይህን ሁሉ ግንድ እስክስታ ያስተማርሽው ማን ሆነና!”

ሊሻን የመጣችው ከወልድያ አካባቢ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤቷ ሲዘጋ፣ አዳሪ ቤቱን የሚያስተዳድሩት መነኮሳይት እኅቶች ቦታ ሰጧት። የእናቷ ስልክ ከሐምሌ ወዲህ አይሠራም። አምና በመስቀል ሁላችንም ወደየቤታችን ስንበተን እርሷ ከዘበኛው ከጋሼ እንድርያስ ጋር ሽሮ በልታ፣ ቴሌቪዥን ላይ የጦርነት ዜና አይታ በዓሉን እንዳሳለፈች እየሣቀች ነግራናለች። ሐዳሳ አልሣቀችም።

“የዘንድሮው መስቀል ሳትጠግቢ አያልፍም” አለቻት። “እኔ ሐዳሳ ብያለሁ!”

ሊሻንን ወደ ቤተሰቧ፣ ወደ ሞርሲቶ፣ ይዛት እንዳትሄድ፣ የአዳሪ ቤቱ ኃላፊ ሲስተር አስናቀች ያለ ወላጅ ቃል ማንንም ከግቢ አያስወጡም። ስለዚህ ዓርብ ረፋድ ላይ መስቀሉን በዶርም አክብረን፣ ምሳ በልተን፣ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታችን እንድንሄድ ታቀደ። ምግቡ ከእንሰት ቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው አታካና ነበር። ሐዳሳ በዓሉን በሐዲያ ስሙ ያሆዴ ትለዋለች፤ ከከምባታ አንጋጫ የመጣችው የዶርማችን ልጅ ብርቅዬ ደግሞ መሳላ ትለዋለች፤ የማን ጭፈራ እንደሚቀድም ሁለቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ።

ማክሰኞ ማታ ጭፈራ ስንለማመድ ሊሻን ሰዓቱን ጠየቀች።

“ዓርብ ምሳ” አለቻት ሐዳሳ።

የሊሻን ትከሻ በመሃል ቆመ። “ዓርብ?”

“ሥጋ የለውም፣ አትጨነቂ። ብርቅዬ ናት ያሰበችልሽ።”

“ዓርብ ቀን ሥጋ አይሆንማ” አለች ካቶሊኳ ብርቅዬ፣ በራሷ ጠንቃቃነት እየኮራች። “ቅቤ ብቻ!”

“እናንተ ልጆች፣ በእኛ በኦርቶዶክሶቹ እኮ ዓርብ ቅቤም ጾም ነው።”

“በመስቀልም?”

“በመስቀልም።”

“ወተቱስ?” አለች ሐዳሳ፤ በፕሮቴስታንት ቤት ስላደገች ጠያቂነቷ የእውነት ነበር።

“ወተቱም። ቡላውን ግን እበላለሁ።”

“ደረቅ ቡላ ለበዓል እንግዳ! እናቴ ብትሰማ ከሞርሲቶ ድረስ በእግሯ መጥታ ትቀጣኛለች።”

ብርቅዬ ትራስ አንሥታ ፊቷን ሸፈነች፤ እኛ አልጋ ላይ ወድቀን ሣቅን። ቅዳሜ እንዳይሆን ሁላችንም ዓርብ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሐዳሳ ወዲያው ሐሙስ ማታ ይሁን አለች፤ በሐዲያ ቤትም አታካና የሚበላው በዋዜማው ማታ ስለሆነ፣ እንዲያውም ትክክለኛው እርሱ ነው ብላ ስሕተቱን በድል ዘጋችው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጋሼ እንድርያስ ከበር ላይ ተጣሩ። “ሐዳሳ! ስልክ!”

የደወለው ወንድሟ ሆሴዕ ነበር። ሆሴዕ ወታደር ነው፤ ከተያዩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በዓሉን እስከ ሰኞ አብሯቸው እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ ነግሯት ነበር።

“አንቺ ቀጮ! ፈቃዱ አጠረ። ነገ ማታ ብቻ ነው ቤት የማድረው። ዓርብ በማለዳ መኪና ይወስደናል።”

“ሰኞ አላልክም?”

“የምወስነው እኔ ብሆን እስከ ገና እቀመጥ ነበር። ካልመጣሽ ድርሻሽን እበላዋለሁ፤ ታውቂኛለሽ።”

ሐዳሳ ስልኩን ዘግታ ወደ ዶርም ስትመለስ የማንንም አካሄድ አልቀዳችም። ነገሩን ነገረችንና አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

“ሂጂ” አለቻት ሊሻን ሳትቆይ። “ምን ጥያቄ አለው? ወንድምሽ ነው። ብርቅዬ ትሠራዋለች።”

“ብርቅዬ ባለፈው ስታማስል ማንኪያው ድስቱ ውስጥ ቆሞ ቀረ።”

“ጠንከር ያለ ነበር እንጂ ይበላ ነበር!” አለች ብርቅዬ።

ሊሻን ከእኛ ጋር ሣቀች። ከዚያ ለበዓሉ የተዋሰችውን ቀሚስ ከግድግዳው አውርዳ፣ እጅጌውን በእጅጌው ላይ አስተካክላ አጥፋ ላዋሰቻት ልጅ መለሰችላት። ማንም ይህን እንድታደርግ አልጠየቃትም። ሐዳሳ እስከ መጨረሻው እጥፋት ድረስ ስታያት ቆየች፤ ከዚያ ተነሥታ ጫማዋን አደረገች።

ወደ ሲስተር አስናቀች ቢሮ አብሬያት ሄድሁ።

“ሲስተር፣ ነገ ጠዋት ወጥ ቤቱን ይፍቀዱልኝ። አታካና ጠዋቱን ሙሉ ይፈልጋል፤ ለምሳ አደርሰዋለሁ፤ አብሬያቸው በልቼ በስምንት ሰዓት ወደ ሞርሲቶ እሄዳለሁ።”

“ነገ ጠዋት እኮ የሒሳብ ፈተና አላችሁ።”

ፈተናው የክረምቱ ትምህርት ማጠቃለያ ነበር፤ ውጤቱም ከመንፈቀ ዓመቱ ውጤት ጋር ይደመራል። ሐዳሳ ክረምቱን ሙሉ የተዘጋጀችው ለእርሱ ነው። ሒሳብ ላይ ትበልጠኛለች፤ ይህን እኛ ብቻ ሳንሆን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

“አልቀመጥም” አለች።

“ልጄ፣ ለአንድ ሰው ብለን ፈተና አንደግምም። ዜሮ ነው የሚሆነው። በዚህ ፈተና አንደኛ ልትወጪ ትችዪ እንደ ነበር ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ፣ ሲስተር።”

እኔ በእርሷ ቦታ ብሆን ፈተናውን አልተወውም ነበር። ይህንኑ እዚያው ሲስተር ፊት ነገርኋት፤ ብትቀር የምጠቀመው እኔ ብሆንም፣ ትክክል መስሎ ስለ ታየኝ ነው።

“አንቺማ ተፈተኚ” አለችኝ ሐዳሳ። “ብቻ ቶሎ ጨርሺ፤ አታካና ሲቀዘቅዝ አይሆንም።”

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። “በደንብ አስበሽበታል? ነገ ከሰዓት በኋላ መጥተሽ ፈትኑኝ ብትዪ አልሰማሽም።”

“አስቤበታለሁ። ዜሮው ይሁን” አለች ሐዳሳ። “ትልቁን ድስት ግን ዛሬውኑ ይስጡኝ።”